ደህና ነኝ የማትል ሴት

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ቆሜ ልጆቹን የአማርኛ ሰላምታ አለማምዳቸው ነበር። ግማሾቹ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፤ ሌሎቹ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ። «እንዴት ነሽ?» እላለሁ። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ይላሉ በአንድ ድምፅ። የድሬዳዋ ብርሃን በዚያ ሰዓት ነገሮችን ማሳየቱን ትቶ ማደብዘዝ ይጀምራል፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስሉኝ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ነጅማ ከሁሉም አጥርታ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ስትል ከወንበሯ ሥር ቀስ እያለ የሚሰፋ እርጥበት አየሁ። መጀመሪያ ውሃ የተደፋ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ መሳቅ ሲጀምሩ ነው የገባኝ።

«ለምን ፈቃድ አልጠየቅሽም?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አላወቅኩም» አለች። አላፈረችም፣ አላለቀሰችምም። ቀሚሷን ነካች፤ ከዚያ እጇን እያየች «እርጥብ ነው» አለች፣ የሌላ ሰው ቀሚስ እንደሆነ ሁሉ።

ያኔ ነው ባልዲና ጨርቅ የያዘች፣ ረጅም፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የምታይ ሴት በሩን ገፍታ የገባችው። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛና የውሃ ኃላፊ ናት። ስሟ ዘሀራ ነው፤ ሁሉም ግን አዮ ዘሀራ ይሏታል፤ አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወልውላ አደረቀችና ነጅማን በእጇ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ አየችኝ።

«አላወቅኩም ካለች አላወቀችም» አለችኝ። «አንቺ ብዙ ተምረሻል አሉ። እሷ ግን ውሸት ገና አልተማረችም።»

ይህን የምጽፈው አዮ ዘሀራ መሞቷን ስለሰማሁ ነው። እኔ ተዛውሬ ከድሬ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ባለፈው ወር እዚያ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ሙቀቱ ከጻፈች በኋላ መጨረሻው ላይ በአንድ መስመር «አዮ ዘሀራ ዐርፋለች» ትላለች። ደብዳቤውን አጠፍኩና ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው ለረጅም ጊዜ እንደተቀመጥኩ አወቅኩ። ይህን እንዳውቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ነበር ያጠናሁት። የተመደብኩት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ላስተምር ነው፤ መምህር ስላነሰ የሦስተኛ «ለ» ኃላፊነትም ተጨመረብኝ። የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። ከሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ዛሬም ይጠፋል። አዮ ዘሀራን በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ብያት ነበር። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን።»

«አንቺ በይኝ፣ አቦ። እርስዎ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ደግሞ ጮክ በይ። ድምፅሽን ደብረ ብርሃን ረስተሽው ነው የመጣሽው?»

ድሬ ሰው ሁሉ አንተ ነው፣ አንቺ ነው፤ ዳይሬክተሩ አቶ መርሻም ለእሷ «አንተ» ነበሩ። ከዚህ ይልቅ መምህራኑን ያስቸግር የነበረው የሰላምታ አመሏ ነው። ጠዋት በር ላይ «እንዴት አደርሽ፣ አዮ ዘሀራ?» የሚላት ሰው እንደሌላው ሰው ደህና የሚል መልስ አያገኝም። ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ታስባለች። «የግራ ጉልበቴ አኩርፎኛል። ጀርባዬ ሰላም ነው። አፌ ይመረኛል፤ ትናንት ጫት ቅሜያለሁ» ትላለች። ከዚያ በተራዋ ትጠይቃለች። «የአንተስ ሆድ ምን ይላል?» አቶ መርሻ ሲቸኩሉ በኋላ በር ይገቡ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ የአሮጊት ቀልድ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ልጆቹም ጨዋታ ነበር የሚመስላቸው። በሩ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ ትልቅ የውሃ በርሜል አለ፤ ጠዋት ጠዋት ልጆች ውሃ ለመጠጣት ይሰለፋሉ። አዮ ዘሀራ ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት የእጃቸውን አንጓ ትይዝና «ጣትሽ ምን ይላል? ምላስሽስ?» ትላለች። ሌሎቹ እየሳቁ የመጣላቸውን መልሰው ይጠጣሉ። ነጅማ ጋ ስትደርስ ግን ሰልፉ ይቆማል። ነጅማ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ትጥላለች፤ ዓይኗ በርሜሉ ላይ ያለው ዝገት ላይ ይቀራል። ልጆቹ ይገፋፋሉ፣ ደወሉ ይደወላል፤ አዮ ዘሀራ አትንቀሳቀስም። መልሱ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሰው ይጠበቃል።

«ምላሴ ካርቶን ነው» ትላለች ነጅማ በመጨረሻ።

«ካርቶን ሲሆን ምን ይደረጋል?»

«ይጠጣል።»

«ጠጪ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ።»

ነጅማ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ፋጡማ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ልጅቷ ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፤ ደወል ሲደወል ጆሮዋን ትይዛለች፤ ጠጠሮችን በመጠን ትደረድራለች። በግንቦት ሙቀት ሹራብ ለብሳ ፀሐይ መሐል ትቆማለች፣ ጥላው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ እያለ። እናቷ ስትነግረኝ፣ አንድ ጊዜ ክንዷ ተሰብሮ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ሳያውቅ ተጫውታለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቀሚሷ ስፌት ነካኝ ብላ ሰፈሩን በጩኸት አናውጣለች። ኋላ አንድ የውጭ መጽሐፍ ላይ እንደ ነጅማ ስላሉ ልጆች አነበብኩ፤ ኦቲዝም ይለዋል። ስለ ንግግራቸውና ስለ ዓይናቸው ብዙ ይናገራል። ስለ ሆዳቸው ግን አንድ መስመር አላገኘሁበትም።

አዮ ዘሀራ ማንበብ አትችልም ነበር። ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙሉ መዝጊያውን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ በርሜሉ አጠገብ አስቀምጣኝ እንዲህ አለችኝ።

«ድሬ ገበያ መሐል ቆመሽ አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በዐረብኛ ቢጮህ፣ አንቺን የሚጠራሽ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የነጅማ ሆድ እንደዚያ ነው። ሁሉም ይጠራታል። ራብ ነው፣ ሽንት ነው፣ ሕመም ነው፤ አትለየውም። ወይ ደግሞ ሁሉም ያንሾካሹካሉ፣ ጭራሽ አትሰማም። ራበሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂያት። ራብ ትልቅ ቃል ነው። ትንሽ ትንሹን ጠይቂያት። እሷ ትነግርሻለች፤ ከዚያ አንድ ላይ ሆናችሁ ስሙን ታወጡለታላችሁ።»

እሷና ነጅማ ብዙ ስም አውጥተው ነበር። ሆዷ ባዶ ጣሳ ሲሆን ይበላል። ከእምብርቷ በታች ባልዲው ሲሞላ ሽንት ቤት ይኬዳል። ዓይኗ ውስጥ አሸዋ ሲገባ ይተኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት አዮ ዘሀራ ሌላ ግቢ ተልካ ነበርና ስለ ባልዲው የጠየቃት አልነበረም።

«ደግሞ» አለችኝ፣ «ይህን ዘፈንሽን ተዪላት።»

«የቱን ዘፈን?»

«ደህና ነኝ አመሰግናለሁን።»

«ሰላምታ እኮ ነው» አልኩ። «ሥርዓት ነው።»

ነፋስ አልነበረም፤ የዛፉ ቅጠሎች በብርሃኑ ላይ የተሳሉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ስለ ወንድሟ ስለ ኢድሪስ ነገረችኝ። ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እንደ ነጅማ ነበር። እናታቸው ጨዋ እንዲሆን ብላ፣ ሰው ሰላም ሲለው «ነጋ» እንዲል አስተማረችው፤ ሰላም ነው፣ ደህና ነው እንደማለት። አንድ ሳምንት መብላት አቆመ። የሚጠይቀው ሰው ሁሉ ነጋ የሚል መልስ ያገኛል። ሁለት ቀን ጎበጥ ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ቀን ቀና አለ፣ ሳቀም። ተሻለው ብለው ገንፎ አገነፉለት።

«እኔ ነኝ ያጎረስኩት» አለች አዮ ዘሀራ። «ሆዴ ዝም አለ ብሎኛል። እኔም እንኳን ዝም አለልህ አልኩት። በማግስቱ ቀበርነው።»

ተነስታ ጣሳዎቹን ማጠብ ጀመረች።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱን መለወጥ ነበረብኝ። አልለወጥኩም። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተብሎ ነበርና ነጅማ ደግሞ በሰላምታ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ሌላው ልጅ ይንተባተባል፤ እሷ አንድም ፊደል አትስትም፤ ፈገግታውን እንኳ እኔ እንዳሳየኋት ታደርገዋለች። ተቆጣጣሪው በመጣ ቀን ወደ ፊት አወጣኋት። «እንዴት ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።» ተጨበጨበላት። እኔም ተመሰገንኩ። እንደኔ ላለ ሰው ምስጋና ብርቅ ነው፤ በሱ ላይ ተኛሁበት።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ የሰፈሩ ውሃ ጠፋ። አዮ ዘሀራ በማለዳ ጋሪ ይዛ ውሃ ልታመጣ ወደ ሳቢያን ሰፈር ሄደች። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው፣ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ መፈክር ተብሎ እስኪያልቅ ፀሐይዋ ጠነከረች። ነጅማ ከሰልፉ መሐል ቆማለች። ቀኝ እጇ ሌላ ጊዜ እንደሚወዛወዘው አይወዛወዝም፤ ሆዷ ላይ ተጣብቋል። አየሁት። ማየቴን አስታውሳለሁ።

«ነጅማ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ቲቸር።»

ክፍል ከገባን በኋላ ደግሜ ጠየቅኳት። በእረፍት ሰዓት ደግሞ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት፣ ሦስት ጊዜ ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። ግንባሯን ነካሁት፤ ይሞቃል፤ በድሬ ግንቦት ግን የማን ግንባር አይሞቅም?

አምስት ሰዓት ገደማ አዮ ዘሀራ ከጋሪው ወረደች። ነጅማ ግድግዳ ተደግፋ ጠጠሮቿን ሳትደረድር ይዛቸው ተቀምጣለች። አዮ ዘሀራ ውሃውን ትታ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደችና አሸዋው ላይ ተንበረከከች።

«ምላስሽ ምን ይላል?»

«ድንጋይ።»

«ሆድሽስ?»

ነጅማ አንገቷን ወደ ጎን ጣለች። ጠበቅን። ከሩቅ የሚያልፍ ጋሪ ደወል ይሰማል።

«ዝም ብሏል» አለች። «ትናንት ሰዎች በር ይደበድቡ ነበር። አሁን የሉም። ሄዱ።»

የአዮ ዘሀራን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። ዓመድ መሰለ። ልጅቷን አንስታ ታቀፈችና ወደ ጋሪው ሄደች። አቶ መርሻ ከቢሯቸው ወጡ። የመምህራን ስብሰባ ነበረን፤ በዚያን ዘመን ከስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል።

«ጓድ መምህርት፣ ወዴት ነው?»

እመለሳለሁ አልኩ መሰለኝ።

«ስብሰባህ ነገም አለ» አለቻቸው አዮ ዘሀራ ከጋሪው ላይ ሆና። «ይቺ ልጅ ግን ላትኖር ትችላለች። አንቺ፣ ነይ ጋሪው ላይ ውጪ። ዋሪያ፣ ንዳው!» ያለችው ለባለጋሪው ነበር።

አንዲት ተማሪ ለፋጡማ እንድትነግር ወደ ቀፊራ ላክንና የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አቋርጠን ሄድን። ያን መንገድ አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። አሸዋው ነጭ ነው፤ ሙቀቱ ከላዩ እንደ ጢስ ይነሳል፤ ድልድዩ ከሩቅ መሬት ሳይነካ የተንሳፈፈ ይመስላል። መንኮራኩሩ ድምፅ የለውም። ነጅማ አዮ ዘሀራ ጭን ላይ ጋደም ብላ የምታየውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች። «ፍየል። ጀሪካን። ፍየል።» ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ሆስፒታል ውስጥ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ጎንበስ ብሎ «ምንሽን አመመሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።»

ቀና ብሎ እኛን አየ። አዮ ዘሀራ በክርኗ ገፋችኝ። «ተናገሪ እንጂ። አንቺ ነሽ የተማርሽው።» አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬ ውስጥ ምንም አልነበረም። አዮ ዘሀራ ጠበቀችኝ፤ ልክ ነጅማን እንደምትጠብቃት። ከዚያ ተወችኝና ራሷ ቀረበች።

«ሆዷን ተጫናት። ስትጫናት ግን ፊቷን ተወው፤ እግሯን እይ።»

ተጫናት። ነጅማ ጣሪያውን ታያለች። የእግሯ ጣቶች ግን እንደ ማራገቢያ ተበረገዱ። እጁን አነሳ፤ ጣቶቹ ተሰበሰቡ። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ ተበረገዱ። ሐኪሙ ወደ አዮ ዘሀራ አንድ ጊዜ አየና ነርሷን ጠራ። ትርፍ አንጀት ነበር። ፈንድቷል።

ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፋጡማ መጥታ ከበሩ አጠገብ እየሰገደች ነበር። አዮ ዘሀራ የራስ ሻሿን ጫፍ ከጆሮዋ ኋላ ሸጎጥ አድርጋ ብዙ ካየችኝ በኋላ፣ «ትከሻሽ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ይላል።»

«እሱ አፍሽ ነው። እኔ የጠየቅኩት ትከሻሽን ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጥኩት። «ጠጥሯል» አልኩ። «ጆሮዬ ጋ ደርሷል።»

«አውርጂው እንግዲህ። ነገ ትፈልጊዋለሽ።»

ሐኪሙ ወጥቶ ሆዷን አጥበው እንደሰፉላት ነገረን። ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል አለ፤ የሚመጡት ቀናት ናቸው የሚወስኑት፤ የሚሰማትን ቶሎ ካወቅን እንደርስበታለን። ፋጡማ እጁን ሳመች። ሲሄድ አዮ ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች።

«ነገ ጠዋት እኔ የለሁም። ስድስት መቶ ልጅ ውሃ ይጠብቀኛል። ደግሞ እዚህ በር ላይ ያለው ዘበኛ እኔን አያስገባም፤ አንቺን ቲቸር ብሎ ያስገባሻል። ፋጡማ ጨዋ ሴት ናት። ሐኪሙ እንዴት አደረች ሲላት አልሀምዱሊላህ ትለዋለች። ነጅማም ያንቺን ዘፈን ትዘፍንለታለች። እሱ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ያምናል። ከኢድሪስ ጋር እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

በነጋታው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ደረስኩ። ነጅማ ነቅታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፋጡማ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ከሁለት ነርሶችና ካርድ ከሚይዝ ተማሪ ጋር ገባ። ከአልጋ አልጋ በፍጥነት ይሄዳል። እኛ ጋ ደረሰ።

«እንዴት አደርሽ፣ ነጅማ?»

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።» ፈገግታው ራሱ ነበር፤ እኔ ያሳየኋት።

«እናትየዋስ፣ እንዴት አደረች?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ዶክተር። ደህና አደረች።»

ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ወደሚቀጥለው አልጋ ዞረ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር፤ መዳፌ ረጥቧል፤ ጉልበቴ የለም። እያንዳንዱን በስሙ አውቄው ነበር። ከፍርሃቱ ጋር ተነሳሁ።

«ዶክተር» አልኩ። በሽተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። «ይቅርታ። ያ የእሷ መልስ አይደለም። የእኔ ነው። ምንም ቢሆን እንደዚያ እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ቆመ። ካርድ የያዘው ተማሪ ፈገግ አለ። አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩና የነጅማን አንጓ ያዝኩ። ትኩስ ነበር።

«ነጅማ፣ ከፋሻው ሥር ምን ይላል?»

አንገቷን ወደ ጎን ጣለች። አንደኛዋ ነርስ ሰዓቷን አየች። ሐኪሙ «እህቴ፣ ሌሎች ታማሚዎች አሉን» አለ፣ በትሕትና። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። የነጅማ ዓይን መስኮቱ ላይ፣ ከመስኮቱ ወጥቶ ነጭ ሰማይ ላይ ሄደ፤ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ።

«ክብሪት» አለች። «በግራ በኩል። አንዱ ይጠፋና ሌላው ይጫራል።»

ሐኪሙ ካርዱን ለተማሪው ሰጠው። ፋሻውን ራሱ ፈታ። ከስፌቱ በስተግራ ቆዳው ቀልቶ፣ ወጥሮ፣ ያብለጨልጭ ነበር። ለነርሷ የመድኃኒት ስም ነገራት፤ ሮጣ ወጣች። ሐኪሙ ከጎረቤት አልጋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቀጥይ» አለኝ። «ሌላውንም ጠይቂልኝ።»

ከእግሯ ጣቶች ጀመርኩ።